ጎኑ ላይ ያረፈ ጣት

ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ላይ ሰው የነካው ነበር የመሰለው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ፣ ፎቅ ላይ ባለው መኖሪያው የታናሺቱን ልጁን ክፍል ይጠርግ ነበር። አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ጎንበስ ሲል ከቀኝ ትከሻው አጥንት በታች አንድ ጣት አረፈበት። አልገፋውም፤ አልቆነጠጠውም። ሰው ከኋላ መጥቶ «አንዴ ዞር በል» ሊል ሲያስብ እንደሚያደርገው፣ እንዲያው ነካ አድርጎ እዚያው ቆየ። ዞር ብሎ አየ። መጥረጊያው፣ የተገፋው አልጋና በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ብቻ ነበሩ።

ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗል። በሕይወት ሳለች ስትፈልገው እንዲህ ነበር የምታደርገው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አብራው ቆማ ፎቶ በምታጥብበት ዘመን ድምፅ ማሰማት ሳያስፈልጋት በጣቷ ጀርባውን ነካ ታደርገው ነበርና፣ በኋላም ሳሎን ውስጥ በብርሃን ተቀምጠው እንኳ ልማዱ አልለቀቃትም።

«ምነው?» አለ፣ ለባዶው ክፍል። ወዲያው በራሱ አፈረና የፈጣሪን ስም ጠርቶ መጥረጉን ቀጠለ።

ክፍሉን የሚያሰናዳው ታናሺቱ ቅዳሜ ስለምትመጣ ነው። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር በመሆኑ ከወር ሦስቱን ሳምንት መኪና ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ «አባቴ ቤት ነው የምወልደው» ብላ ቁርጧን ተናገረች። ፎቶ አንሺው ይህን ከሰማ ጀምሮ ጉልበቱ ታደሰ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። አሁን መጋረጃ አጥቦ ሰቀለ፣ የሚንቋቋውን የቁም ሳጥን በር በዘይት አለሰለሰ፣ ከገበያ የሕፃን መታጠቢያ ገዝቶ በሰው ፊት ተሸክሞት መጣ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በር ላይ ቆሞ አይቶት፣ «ጋሽ ፎቶ፣ በስተርጅና ገላህን እዚያ ውስጥ ልትታጠብ ነው?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀበት።

ሰኞም ያ ጣት አልለቀቀውም። ይልቁንም ከጀርባው ተነስቶ በጎኑ በኩል ወደ ፊት መንገድ ያዘ። ሲሄድ ይታወቀዋል። እንደ ሕመም አይደለም፤ ሕመም አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ይህ ግን አቅጣጫ አለው። አንዱን የጎን አጥንት መርጦ ከሥሩ እንደ መስመር እየጎተተ ይጓዛል፤ ደንበኛ ፊት እያለ ይቆማል፣ ብቻውን ሲሆን ይቀጥላል። አልጋ ስገፋ ጡንቻዬ ተሳስቦ ነው አለና ዘይት ቀባው። ማክሰኞ ሸሚዙ ሲነካው እንደ ፍም ይለበልበው ጀመር። ከዘይቱ ነው አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት የድሮ ደንበኛ የሟች ባሏን ፎቶ እጠብልኝ ብላው ስለነበር ጨለማ ክፍል ገባ። የፎቶ ቤቱ ሥራ በኮምፒውተር ከሆነ ቆይቷል፤ የድሮ ኔጋቲቭ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን አሁንም አለ፣ ለእነሱ ሲል ማጠቢያዎቹን አልደፋቸውም። ቀዩን መብራት አበራ። ወረቀቱን ማጠቢያው ውስጥ አስገብቶ እያወዛወዘ የሟቹ ሰውዬ ፊት ከነጩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ጎኑን አንድ ነገር እንደ ምላጭ ቀደደው። ሳህኑን ለቀቀና ሸሚዙን አወለቀ።

እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ያገኙትን ነገር አላመነም። ቆዳው ላይ፣ ከጀርባው እስከ ጡቱ ሥር፣ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ነገር በተርታ ተነጥፏል። አንዱን ሲጫነው ውስጡ እንደሚላወስ ታወቀው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ወዳለው መስታወት ተጠግቶ ጎኑን አዙሮ አየ።

ምንም የለም። ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ የጠራ ነው።

ጣቱን መለሰ፤ ፍሬዎቹ አሉ። ዓይኑን መለሰ፤ የሉም። ሦስቴ አራቴ እንዲህ አደረገ። ዓይኑ የለም ይለዋል፣ ጣቱ አለ ይለዋል። ከኋላው ማጠቢያው ውስጥ የሟቹ ፊት ማንም ሳያወጣው እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄዶ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ።

ቀይ ነገር በቀይ መብራት እንደማይታይ እሱ ሳይሆን ማን ያውቃል? ጨለማ ክፍል ለማየት የመጡ ሕፃናትን በቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ እያስጻፈ፣ ጽሑፉ ሲጠፋባቸው ሲያስቃቸው የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ዕውቀቱ ከነአካቴው ጠፋው። ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው ነውና ዓይኑን አመነ። «ብቻዬን መኖሩ ነው፣ ጭንቅላቴ እየተነካ ነው» አለ በልቡ፤ ይህን ደግሞ ለማንም ላለመናገር ወሰነ። ያቺን ቀን በዚህ አቃጠላት።

ረቡዕ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ሸሚዝ ሲቀይር አየው። ከአከርካሪው አንስቶ በቀኝ ጎኑ ዞሮ ጡቱ ሥር የሚቆም፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ቀይ መቀነት። መቀነቱ ላይ ውኃ የቋጠሩ ፍሬዎች ተሰብስበው፣ በብርሃኑ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ ከመደንገጥ ይልቅ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ አላበደም።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወርዶ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ አሳየው። ሰውዬው ምላጩን አስቀምጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አልማዝ ባለጭራ ናታ» አለ። «ተኝተህ ሸረሪት ሸንታብህ ነው። ባዶ ቤት ሸረሪት ይወዳል።»

«ባዶ ቤት አትበለኝ።»

«እሺ፣ ሙሉ ቤት። ጋሽ ፎቶ፣ ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ዞራ ጭራዋና ራሷ ከተገናኙ በቃ ነው። አጎቴ ሆዱ ላይ ሁለት ጣት ሲቀራት ነው የተረፈው።»

«አጎትህ በምንድነው የተረፈው?»

«ሐኪም ቤት ሄዶ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ትንሽ አፍሮ።

ፎቶ አንሺው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ሲራመድ ሳያስበው በጣቱ ከጡቱ ሥር እስከ ሌላኛው ጎኑ ያለውን ቦታ ይለካ ነበር።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው እስኪጨርስ የምትሰማ። ጎኑን ካየች በኋላ ጓንቷን አወለቀች።

«ልጅ ሳሉ ጉድፍ፣ ያ ውኃ የሚቋጥረው የልጆች ሽፍታ፣ ወጥቶብዎት ያውቃል?»

«ሰባት ዓመቴ ላይ። እናቴ እንዳልቧጥጠው እጆቼን በጨርቅ ጠቅልላ አስራቸው ነበር። ፊቴን የሚበላኝ ዝንብ እንኳ ማባረር አቅቶኝ ነበር።»

«እሱ ነው።»

«ምኑ?»

«ያው ራሱ። ሌላ በሽታ አይደለም። ያኔ ቆዳዎ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነትዎ አልወጣም። አከርካሪዎ አጠገብ ነርቮቹ የሚነሱበት ቦታ አለ፤ እዚያ ገብቶ ተኛ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ፣ ሲደክም፣ ሐዘን ሲበዛበት፣ የሰውነቱ ጥበቃ ላላ ይላል። ያን ጊዜ ይነቃና የተኛባትን ነርቭ ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሕመሙ ከሽፍታው ቀድሞ የመጣው ለዚህ ነው። እርስዎ ያላዩት ገና መንገድ ላይ ስለነበረ ነው።»

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ተኝቶ?»

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ተኝቶ።»

ሰባት ዓመት ሆኖት እጁ ታስሮ የተኛባት ቤት ከፈረሰች ዘመን ሆኗታል። እናቱም የለችም፣ ጨርቁን የቀደደችበት ቀሚስም የለም፤ ከዚያ ቤት የወጣው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ተከትሎት የመጣ አለ። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሚስት ሲያገባ፣ ሚስቱን ሲቀብር ጀርባው ውስጥ ሆኖ አብሮት ቆሟል።

«ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል ይላሉ።»

«አይዞርም። ነርቩ ግማሽ ጎን ላይ ነው የሚያልቀው፣ እሱም እዚያው ያልቃል። ሸረሪትም የለችበትም» አለች ፈገግ ብላ፤ ይህን ወሬ ብዙ ሰምታዋለች። «መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። አሁን የምጠይቅዎትን በደንብ አስበው ይመልሱልኝ። ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እኔ ብቻ ነኝ። ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች። ልትወልድ።»

ዶክተሯ መጻፏን አቆመች።

«ከእርስዎ አልማዝ ባለጭራ አይይዛትም። ግን ፍሬዎቹ የቋጠሩት ውኃ ውስጥ ያ የልጅነትዎ ጉድፍ አለ። ወጥቶባት የማያውቅ ከሆነና ያንን ብትነካ ጉድፍ ይይዛታል። በዚህ ወር ላይ ላለች እርጉዝ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሳንባዋ ላይ ሊወጣ ይችላል። በመውለጃዋ ሰሞን ከሆነ ሕፃኑ ገና ራሱን መከላከያ ሳይኖረው ያገኘዋል። ልጅዎ ጉድፍ ወጥቶባታል?»

«ሁለቱም ልጆቼ ወጥቶባቸዋል» አለ ፎቶ አንሺው። አፉ ቀደመው። ከዚያ፣ «መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ አይበቃንም። ሽፍታው ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ሸፍነው ይያዙት፣ እሷም ትቆይ። ወይም መጥታ ደም ትስጥ፤ ወጥቶባት ከነበረ ደሟ ይነግረናል።»

ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ለታላቂቱ ልጁ ደወለ። አስተማሪ ናት፤ አራት መንገድ አልፎ ነው የምትኖረው። የእረፍት ሰዓት ስለነበር ከኋላዋ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እኔ የራሴን የማስታውሰው ማሳከኩን ነው» አለችው። «የእሷን እማዬን ነበር መጠየቅ። ምን ሆነሃል አባዬ?»

ነገራት። «ዛሬ ማታ እመጣለሁ፤ እኔ ወጥቶብኛል፣ አልፈራም» አለችና እንደ ተማሪዎቿ፣ «እስከዚያ ምንም እንዳትነካካ» ብላ ዘጋችበት።

ሐሙስ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሳይከፍት ሳሎን ከተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ፊት ቆመ። ሚስቱ መሐል ተቀምጣለች፤ ታላቂቱ ስድስት ዓመቷ በቀኝ፣ ታናሺቱ ሁለት ዓመቷ በእናቷ ጭን ላይ። የሁለቱም ልጆች ፊት የጠራ ነው። ግን ታላቂቱ በዚያ ሰሞን ከጉድፍ የዳነች መሆኗ ትዝ አለው፤ ፊቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያጠፋው እሱ ነው። የታናሺቱንስ? ሠላሳ ዓመት ያለፈውን የእጁን ሥራ ማስታወስ አቃተው። አንድ የሚያውቅ ነገር ግን አለ።

ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። ፊት ላይ ያለች ጥቁር ጠባሳ እዚያ ላይ እንደ ጠራች ቀዳዳ ሆና ትቀመጣለች። ፊት አጥሪ ማለት ያቺን ቀዳዳ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ነጥብ በነጥብ የሚሞላ ሰው ነው። ሲታተም ጠባሳው የለም። እርሳሱ ግን ኔጋቲቩ ላይ ይኖራል፤ አጋድሎ ለያዘው ያብለጨልጫል። እንግዲህ የየትኛዋ ልጅ ፊት እንደተነካ ኔጋቲቩ ይናገራል ማለት ነው።

ከቆርቆሮ ሳጥኖቹ መሐል ሲፈልግ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲያገኘው ወደ መስኮቱ ወስዶ በአጉሊ መነጽር አየው። ኔጋቲቭ የሚያስፈራው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ፈራ። የሚስቱ ፊት ከሰል ነው፤ ፀጉሯ እንደ እሳት ነጭ፤ ዓይኖቿ ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ ብሌን ይዘው ቀጥ ብለው ያዩታል። አጋደለው። የታላቂቱ ፊት ላይ የእርሳስ ነጥቦቹ ብልጭ ብልጭ አሉ፤ አንድ ሁለት እያለ ቆጠራቸው፣ አሥራ ሰባት ናቸው። ወደ ታናሺቱ ሄደ። ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ አገጯን አንድ በአንድ ፈተሸ። አንዲት ነጥብ የለችም።

በዚያች ቅጽበት ያ ጣት ከጀርባው ተነስቶ እስከ ጡቱ ሥር ሄደበት። አብሮ ትውስታው መጣ።

ታላቂቱ ላይ ጉድፉ የወጣ ቀን ሚስቱ በር ላይ ይዛው፣ «ይቺን ከዚህ ቤት አውጣልኝ። አሁን። እህትህ ጋ ውሰዳት» አለችው። ትንሿን ካፖርቱ ውስጥ ከቷት ወጣ። ልጅቱ መንገዱን ሙሉ ደረቱ ላይ ተለጥፋ ስታለቅስ፣ እሱ «አመለጥን፣ አመለጥን» እያለ ያባብላታል። ሦስት ሳምንት እህቱ ጋ ቆየች። ፎቶው የተነሳው የተመለሰች ዕለት ነው፤ ተመልሰን አንድ ላይ ሆንን ብለው።

ወጥቶባት አያውቅም ማለት ነው።

«እሺ» አለ ኔጋቲቩ ላይ ላለችው ሚስቱ። «ሰምቻለሁ።»

ለታናሺቱ ደወለ።

«አባዬ» አለች፣ «ሻንጣዬን ሞልቼው አልዘጋ ስላለ ላዩ ላይ ተቀምጬ ነው የማናግርህ። በዚህ ክብደቴ እንኳ እምቢ አለኝ።»

«ቅዳሜ ይቅርብሽ ልልሽ ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ቆይተሽ ነይ።»

«ሁለት ሳምንት? እንግዲህ ልጁን ንገረው፣ እኔን አይሰማኝም። ለምን?»

እውነቱን ሊነግራት አፉ ላይ መጣ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሱ ሲያስነጥሰው የምታለቅስ ልጅ ናት። በዚህ ሰዓት ትደነግጣለች ብሎ ፈራ።

«ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው» አለ። «ሽታው ለእርጉዝ አይሆንም።»

«አንተ? እማዬ አሥራ አምስት ዓመት የለመነችህን ቀለም?»

«አሁን አሰኘኝ።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«እሺ አባዬ» አለች፣ ረጋ ብላ፣ ቶሎም ዘጋች። ፎቶ አንሺው ፈጣሪውን ስለ ውሸቱ ይቅርታ ለመነና ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ዓርብ ሕመሙ ከሁሉ ቀን ባሰ። ታላቂቱ ጠዋት መጥታ ሸፍናለት ሄዳ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፋሻው ራሱ እንደ ጋለ ብረት ሆነበትና ላጠው። ቤት ውስጥ ማን አለ ብሎ። መድኃኒቱን ውጦ፣ ከወገብ በላይ ራቁቱን አልጋው ላይ በደረቱ ተኛ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ከታች የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ይሰማል። እንቅልፍና ትኩሳት መሐል ሆኖ፣ ሬዲዮው እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እጅ ጀርባው ላይ አረፈ።

ይህ ግን አላቃጠለም። ቀዝቃዛ ነው። ከአከርካሪው አጠገብ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያ በተርታው ላይ በቀስታ፣ ፍሬ በፍሬ ሄደ። በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሙ ጋብ አለለት። እንባው መጣ። ዓይኑን አልገለጠም፤ ቢገልጥ እንደሚሄድ አወቀ።

«መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ።»

«ልጅቷን አስቀርቻታለሁ። እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ። እዚህ አትመጣም።»

እጁ ቆመ።

«ማንን ነው ያስቀረኸው አባዬ?»

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ሆድ ነው፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰ፣ ከፊቱ አንድ ክንድ የማይሞላ። በላዩ የታናሺቱ ፊት። የበሩ ቁልፍ ከአንድ እጇ ተንጠልጥሏል። የሌላው እጇ ጣቶች ብርሃኑ ላይ እርጥብ ሆነው ያብረቀርቃሉ።

«እጅሽን» አለ። «እጅሽን ባለበት ያዢው። ፊትሽን እንዳትነኪ። ሆድሽንም እንዳትነኪ።»

«አባዬ፣ አስፈራኸኝ።»

«ወደ ቧንቧው ሂጂ። ክንድሽን ዘርግተሽ። እኔ አልነካሽም፤ ሂጂ የኔ እናት።»

ሸሚዙን ቁስሉ ላይ ወረወረና ከኋላዋ በርቀት ተከተላት። ቧንቧውን በጨርቅ ይዞ ከፈተላት። እሷ እየታጠበች፣ እሱ «ድገሚው» እያለ፣ ሳሙናው ግማሽ ሆነ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ሁሉንም ነገራት፤ ጉድፉን፣ ዶክተሯን፣ ኔጋቲቩን፣ ካፖርቱን። እሷ እጇን ወደ ላይ ይዛ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ቀና አለችና ግድግዳዎቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው።

«ቀለሙ የታለ?» አለችው።

ሸሚዙን ቆልፎ ወደ ጤና ጣቢያው ይዟት ወረደ።

ዶክተሯ በዚያው ሰዓት ደም ወሰደችላት። ውጤቱ ሰኞ እንደሚደርስ፣ ጉድፍ ወጥቶባት ካልነበረ በአሥር ቀን ውስጥ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ እንዳለ፣ ፈጥነው መምጣታቸው እንደሚጠቅም ነገረቻቸው። ፎቶ አንሺውን ለብቻው ዞር አድርጋ፣ «ፋሻውን ለምን አነሱት?» አለችው። «ቤቱ ባዶ መስሎኝ» አለ። ታናሺቱ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

ቅዳሜና እሑድ ያዘጋጀላት ክፍል በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። በየሰዓቱ ታላቂቱ ጋ ይደውላል። «ምንም የለም» ትለዋለች። «አየኋት፤ ክንዷንም አንገቷንም አየሁ።» እሱ ግን ዶክተሯን ጠይቋት ነበር፤ ይዟት እንኳ ቢሆን እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ላይታይ ይችላል። ምንም የለም ማለት አልያዛትም ማለት አይደለም። ከማይታይ ነገር ጠብቀን ብሎ እንዴት እንደሚጸለይ አላወቀም፤ ሲያደርገው የኖረው ምስጋና ነው፣ ምስጋና ደግሞ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የታናሺቱን ስም ብቻ እየደጋገመ ይጠራ ነበር፤ ይጠራና ያዳምጣል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሰኞ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ አግዳሚ ላይ፣ እሱ ተሸፋፍኖ በሩ አጠገብ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዶክተሯ ወረቀት ይዛ ወጣች።

«አላት» አለች።

ታላቂቱ የእህቷን እጅ ያዘች። «ምኑ?»

«መከላከያው። ደሟ ጉድፍን ያውቀዋል። ልጅ ሳለች ወጥቶባታል፤ አሁን ስለነካችው ምንም አትሆንም፣ ሕፃኑም ከእሷ ጥበቃውን ይወስዳል።»

ታናሺቱ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ታላቂቱ ደግሞ በተቃራኒው። ፎቶ አንሺው ብቻ ተነስቶ ቆመ።

«ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም» አለ። «እኔ ራሴ አይቻለሁ። ካስወጣኋት በኋላ እህቴ ጋ ነበረች። እህቴም ነፍሷን ይማር፣ ምንም አላለችኝም።»

«ሁሉ ሰው ላይ አይበዛም። ፀጉሯ ውስጥ ሁለት ሦስት ወጥቶ፣ አንድ ቀን አተኩሷት ያለፈ ሊሆን ይችላል። ከቤት ያወጧት እህቷ ላይ ከታየ በኋላ ነው?»

«በዚያው ቀን።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ ይዟት ነበር። ከመታየቱ በፊት ጀምሮ ነው የሚተላለፈው።»

ፎቶ አንሺው ቁጭ አለ። ካፖርቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ አልነበሩም። «አመለጥን፣ አመለጥን» እያለ ሲያባብል፣ ያመለጡት ነገር ደረቱ ላይ ተለጥፎ አብሮ እየሄደ ነበር።

«ታዲያ እሷም ውስጥ…»

«አዎ» አለች ዶክተሯ፣ ዝቅ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት። «ወጥቶበት የዳነ ሁሉ አለበት። ብዙው ሰው ሳይነቃበት ነው ኖሮ የሚሞተው። ዛሬ ግን እንኳን ኖረ ይበሉ።»

ታናሺቱ ያን ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ፋሻው ከሸሚዙ ሥር በደንብ ታስሯል፤ ታላቂቱ ራሷ አስራ፣ ቢፈታ ወዮልህ ብላዋለች። ምሳ በሉ፣ ስለ ቀለሙ አንስተው አሾፉበት፣ ፀጉር አስተካካዩ «ጭራዋ ተቆረጠ?» ብሎ ከታች ጮኸ። ከዚያ ታናሺቱ ደክሟት ክፍሏ ገብታ ጎኗን ሰጥታ ተኛች።

ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ቆመ። ጀርባዋ ወደ እሱ ነው። በቀጭኑ ቀሚስ ሥር የአከርካሪዋ አጥንቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ያ ጉድፍ የተኛው የትኛው ሥር ይሆን አለ በልቡ። ፎቶ ሲነሱ፣ ትምህርት ስትጨርስ፣ በሰርጓ ዕለት ነጭ ለብሳ ካሜራው ፊት ስትቆም፣ እዚያ ነበረ፤ ልጇ አጠገብ፣ አንድ መዳፍ በማይሞላ ርቀት ላይ አሁንም ተኝቷል። ልጅቱን ያዳናትም ያው ጉድፍ ነው፤ እሱ ባይኖር ዛሬ ምን ይሉ ነበር? ፈጣሪን ለማመስገን አፉን ከፈተና ለማን ምስጋና እየሰጠ እንደሆነ ለአንድ አፍታ ግራ ተጋባ። ከዚያ ቃሉን አገኘው። «በተኛበት ተውልኝ» አለ በሹክሹክታ። «እስከ መጨረሻው፣ በተኛበት።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ታላቂቱ ሳህኖቹን ስታነሳ ማንኪያ አመለጣትና ወለሉ ላይ ጮኸ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀስ» አላት።

«ምን ሆንክ አባዬ? እሷ እንደሆነች ቤቱ ቢፈርስ አትነቃም።»

«እሷስ አትነቃም» አለ ፎቶ አንሺው፤ ማንኪያውን ራሱ አነሳና ድምፅ እንዳያሰማ በፎጣ ጠቅልሎ አስቀመጠው።